ስንተኛ ወጣሽ? የሰኔ ጥያቄዎቻችሁ

ሰኔ ገባ። ካርድ ሊሰጥ ነው። የወላጆች በዓል ደርሷል፣ የየሰፈሩ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ዳር ዳሩ በአበባ ያጌጠ ሰርተፍኬት እያተሙ ነው፣ ልጆቹም «ሰኔ 30 እንገናኝ!» እየተባባሉ ነው (ማን ማንን እንደሚጠብቅ እነሱ ያውቃሉ)። ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል በዚሁ ዙሪያ ናቸው። ደረጃ፣ ሽልማት፣ ምርቃት፣ መድረክ። ረዘም ያሉትን አሳጥረናቸዋል። የጻፉልንን ሰዎች ስም ትተናል፣ የልጆች ጉዳይ ስለሆነ።

«3ኛ የነበረው ልጄ 11ኛ ሆነ»

*እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር 3ኛ ወጥቶ ነበር። አሁን ስም ጠሪው እንደነገረኝ 11ኛ ነው። በወላጆች በዓል ቀን መድረክ ላይ የሚጠሩት ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ብቻ ናቸው። ልጁ ከአሁኑ «አልሄድም፣ ሆዴን ያመኛል» ማለት ጀምሯል። አባቱ ደግሞ «ቲቪ አብዝቶ ነው» ብሎ ሪሞቱን ደብቆበታል። ምን ላድርግ? — እናት፣ ከሐዋሳ*

እህቴ፣ መጀመሪያ ካርዱን አውጪና ደረጃው የተጻፈበትን በአውራ ጣትሽ ሸፍኚው። አሁን አማካዩን ብቻ እዪ።

ስምንት የትምህርት ዓይነት አለው እንበል። ባለፈው ድምሩ 728 ከነበረ አማካዩ 91 ነው። አሁን 720 ካመጣ 90 ሆነ ማለት ነው። በየትምህርቱ አንድ አንድ ማርክ ነው የቀነሰው፣ አንዲት ጥያቄ። ሃምሳና ስድሳ ልጅ በሚማርበት ክፍል ከላይ ያሉት ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት፤ እዚያ መሀል አንድ ነጥብ የወረደ ልጅ ስምንት ሰው ቢያልፈው የሚገርም ነገር የለውም። ጭራሽ ማርኩ ምንም ሳይቀንስ፣ ከበፊቱ የበለጠ አውቆም፣ ደረጃው ሊወርድ ይችላል። ሌሎቹ ከበረቱ አለቀ። ደረጃ ስለ ልጅሽ ብቻ የሚናገር ቁጥር አይደለም፣ አጠገቡ ስለተቀመጡት ልጆችም ጭምር ነው የሚያወራው። አባትየው ሪሞቱን ከመደበቁ በፊት ይቺን ሂሳብ ቢሠራት ደግ ነበር።

አማካዩ እውነትም ወርዶ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ91 ወደ 78፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። የትኛው ትምህርት ላይ እንደወረደ ፈልጊ። ቀጥሎ ደግሞ የት ላይ እንደጎደለ፦ ፋይናሉ ላይ ነው ወይስ ዓመቱን ሙሉ በሚያዘው ማርክ፣ በቴስቱ፣ በክፍል ሥራው፣ በቤት ሥራው? ደብተሩን ባለማስረከቡ የሄደ ማርክና ክፍልፋይ ስላልገባው የሄደ ማርክ ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ማታ ማታ ቦርሳውን በማየት ይድናል። ሁለተኛው ክረምቱን ሙሉ በቀን ሃያ ደቂቃ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ስም ጠሪውን ስታገኚው «ለምን 11ኛ ወጣ?» አትበዪው፣ «ምን ምኑ ነው ያልገባው?» በዪው። ደስ ነው የሚለው። በሰኔ ወር እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ብርቅ ነው።

በዓሉ ላይ ግን ይሂድ። «አሞኛል» ሲል እሺ ብለሽ ቤት ካስቀረሽው፣ 11ኛ መውጣት እውነትም የሚያስደብቅ ነገር ነው ብለሽ አረጋገጥሽለት። ሳትቆጪ፣ ሳታባብዪም፣ ልብሱን አዘጋጂለት። 1ኛ የወጣው ልጅ ጓደኛው ከሆነ አጨብጭቦ ይምጣ። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ካርዱ ምንም አለ ምንም የማይቀር ነገር ይኑራችሁ፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ ጥብስም ሆነ ሌላ፣ ግን ካርዱን ሳይቀበል በፊት ቃል የተገባ ይሁን።

አንድ የቀረ ነገር። አክስቱም፣ የግቢው ጎረቤትም፣ ባለሱቁም «ስንተኛ ወጣህ?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱን ቤት ውስጥ ተለማመዱ። «90 አመጣሁ።» በቃ። አብዛኛው ሰው «ጎሽ!» ብሎ ያልፋል። የማያልፉት ጥቂቶች ከጥንትም አያልፉም።

«62 ልጅ፣ ዜሮ በጀት»

*ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍል አስተምራለሁ። 62 ተማሪ አለኝ። ሁሉንም ማመስገን እፈልጋለሁ። ባልደረቦቼ «ለሁሉም ሰርተፍኬት ከሰጠሽ ሰርተፍኬት ዋጋ አጣ» ይሉኛል። ለሦስቱ ብቻ ብሰጥ ደግሞ 59ኙ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሄዱት። ለሽልማት የሚሆን ሳንቲም የለም። ምን ይሻላል? — መምህርት፣ ከጎጃም*

መምህርት፣ ባልደረቦችሽ ልክ ናቸው፣ አንቺም ልክ ነሽ። ለ62 ልጅ «ጎበዝ ተማሪ» የሚል አንድ ዓይነት ወረቀት ቢታደል ልጆቹ ራሳቸው ይስቁበታል። የስምንት ዓመት ልጅ ክፍሉ ውስጥ ማን ምን እንደሚችል አብጠርጥሮ ያውቃል፣ አንዳንዴም ከአስተማሪው በላይ።

ግን እኛ አገር ከዚህ የተለየ የቆየ ልማድ አለ፣ ረስተነው ነው እንጂ። ቄስ ትምህርት ቤት ስንተኛ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳን ይዘልቃል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፣ ወንጌል ይገባል፣ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ቀን ቤቱ ይደገሳል፣ የኔታም ስጦታቸውን ይቀበላሉ። አንዱ በሰባት ዓመቱ ይደግም ይሆናል፣ ሌላው በአሥራ አንድ፤ ጠላው ያው ጠላ ነው፣ እልልታውም ያው ነው። ወሎም ሂጂ ሐረር፣ ቁርኣን ያኸተመ ልጅ ቤትም እንዲሁ ነው የሚደገሰው። የሚከበረው መጨረሱ ነው፣ ማን ቀደመ ብሎ የሚጠይቅ የለም። (የኔታ በአለንጋቸውም ይታወቃሉ፣ እሱ ይመለስ ያልኩ እንዳይመስልሽ።)

እንግዲህ 2ኛ ክፍል ላይ ዳዊት የመድገም ያህል የሚከብደው ነገር ምንድን ነው? እኔን ከጠየቅሽኝ ማንበብ ነው። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ ያንቺ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ አንድ አንቀጽ ሳይንተባተብ ከዘለቀ ያ ትልቅ ዜና ነው። 4ኛ ይውጣ 40ኛ ዜና ነው። ደግሞም እኮ ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና ነው ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ የኖሩት። እዚህ ዕድሜ ላይ ደረጃ የምናወጣው ልጁ ፈልጎት ሳይሆን እኛ ስለለመድነው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሦስት ወይም አራት «የጨረሰ» የሚያሰኙ ነገሮች ምረጪ። ፊደሉን ከነዘሩ ለየ፤ አንድ ገጽ ሳይቆም አነበበ፤ በራሱ አምስት ዐረፍተ ነገር ጻፈ፤ የሁለት አሃዝ መደመርን ያለ ጣት ሠራ። ልጁ አንዱን ሲጨርስ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን ጽፈሽ ትፈርሚበታለሽ። ግድግዳ ላይ በስም ዝርዝር ባትለጥፊው ይሻላል፣ ባዶ የቀረው ሳጥን ከሞላው በላይ ዓይን ይስባልና። ከዚያ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ መዝሙሩ እንዳለቀ፣ የዚያ ሳምንት ልጆች ወደ ፊት ይወጣሉ። ሚኒ ሚዲያ ካላችሁ ማይኩን ስጫቸው። ስትጠሪያቸው «እገሌ ጎበዝ ነው» አትበዪ። ያደረገውን ተናገሪ፦ «ከመጽሐፋችን ሠላሳ አራተኛው ገጽ ላይ ያለውን ታሪክ ከላይ እስከ ታች አነበበ።» ከዚያ ሁለት መስመር ያንብብ። ትልልቆቹ ተማሪዎች ይስቁበታል ብለሽ አትፍሪ፣ እነሱም አንድ ቀን እዚያ ቆመው ነበር።

ከመስከረም ጀምረሽ በሳምንት ሁለት ልጅ ቢወጣ በ31 ሳምንት 62ቱም ይዳረሳሉ። ዓመቱ ይበቃሻል። ይህ አሠራር ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጥር ላይ ደርሶ አንድም ጊዜ ያልተጠራ ልጅ ካለ ስሙን ወዲያው ታዪዋለሽ። ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ልጅ ሰኔ ላይ ሳይሆን ጥር ላይ ተገኘ ማለት ነው። እስከ ካርድ መስጫው ገና አምስት ወር አለሽ፣ ፊት አምጥተሽ አስቀምጪው።

ለበዓሉ ቀን የማውቀው ምርጡ ፕሮግራም ገንዘብ አይጠይቅም። ወላጆች ክፍል ውስጥ ይግቡና ልጆቻቸው በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ይቀመጡ። ደብተሩ ፊት ለፊታቸው ይቀመጥ። ልጁ አምስት ደቂቃ ለወላጁ ያንብብ። ያን ቀን የሚመጡት ብዙዎቹ እናቶች ራሳቸው ፊደል ያልቆጠሩ ይሆናሉ፤ ምንም ችግር የለውም፣ ጉዳዩ መስማት ነው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጉልበቷ እስኪነካት በምትጠብ ዴስክ ላይ ተቀምጣ፣ ልጇ ጣቱን ከቃል ቃል እያስኬደ ሲያነብላት የምትሰማ እናት ስንተኛ እንደወጣ ለመጠየቅ ትረሳዋለች። ወላጅ ያልመጣለት ልጅ ካለ አንቺ ተቀመጪለት፣ ወይም ዘበኛው ጋሼ፣ ወይም ምገባ ላይ የሚሠሩት እናቶች። እነሱም ዓመቱን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ነው የዋሉት፣ የሚጠራቸው ሰው ግን የለም።

መዝሙሩና ድራማው ከዚያ በኋላ ይሁን። የክብር እንግዳው ንግግር ከአምስት ደቂቃ እንዳያልፍ ለርዕሰ መምህሩ በጊዜ ንገሪው። የሰኔ ፀሐይ መናጢ ናት፣ ዝናቡም ቀጠሮ አያከብርም፣ ልጆቹ ደግሞ ለንግግሩ ሲባል መሬት ላይ ተኮልኩለው ነው የሚጠብቁት።

ስለ ሽልማቱ፣ ሳንቲም የለም ብለሽ እንዳትጨነቂ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋለ ሕፃናት ያደረጉት አንድ ጥናት አለ። መሳል የሚወዱ ሕፃናት መረጡና ለአንዳንዶቹ «ከሳላችሁ ወርቃማ ማኅተምና ሪባን ያለው ሰርተፍኬት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሳሉ፣ ተሸለሙ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በነጻ ሰዓታቸው ሲታዩ ቃል ተገብቶላቸው የተሸለሙት ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የሚስሉበት ጊዜ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ሳያስቡት ድንገት የተሸለሙት ግን እንደ ድሯቸው መሳላቸውን ቀጠሉ። የወደደውን ነገር ለክፍያ ሲያደርገው ሥራ ይሆንበታል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ እርሳስ ወይም አንድ ደብተር ካገኘሽ ስጪ፣ ግን በመስከረም «ያነበበ ይሸለማል» ብለሽ አታውጂ። ድንገት ይሁን።

«የገዋን ኪራይ ካልከፈልክ ፎቶ ላይ የለችም»

*ልጄ ዩኬጂ ነች፣ በሚቀጥለው ዓመት 1ኛ ክፍል ትገባለች። የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ለምርቃት ብሎ የገዋን ኪራይ፣ የፎቶ፣ የኬክና የአዳራሽ ጠየቀን። ሲደመር ከወር ክፍያው ይበልጣል። «ካልከፈሉ ልጅዎ ፕሮግራሙ ላይ አትሳተፍም» ተባልኩ። እውን ግዴታ ነው? — አባት፣ ከአዲስ አበባ*

ወንድሜ፣ ገዋን የለበሰች የስድስት ዓመት ልጅ አይቼ ስቄ አላውቅም ብል ውሸት ነው። ቆቡ አፍንጫዋ ላይ ይወርዳል፣ ቀሚሱን ትረግጠዋለች፣ ደግሞ ታምራለች። ችግሩ እሱ አይደለም። ችግሩ «ካልከፈልክ» የሚለው ነው። ዓመቱን ሙሉ የተማረች ልጅ የትምህርት ቤቷ ፕሮግራም ላይ ለመቆም ኪራይ ልትጠየቅ አይገባም።

ብቻህን ቢሮ ገብተህ አትጨቃጨቅ፣ ብቻውን የሚመጣ ወላጅ «ገንዘብ የቸገረው» ተብሎ ይሸኛል። ወላጅ ኮሚቴውን ያዝ፣ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ካለ እሱን፣ ከሌለም የክፍሉን ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ። ሌላ አምስት ሰው እንዳንተ ዝም ብሎ እየተብሰለሰለ መሆኑን እዚያ ታገኘዋለህ። ከዚያ በጽሑፍ ጠይቁ፦ የትኛው ክፍያ ነው የውዴታ? አዳራሹ ለምን አስፈለገ፣ ግቢው ምን ሆነ? ልጆቹ በዩኒፎርማቸው ቢዘምሩ፣ ዳቦና ፈንዲሻ ከየቤቱ ቢመጣ፣ ፎቶውን ጥሩ ስልክ ያለው ወላጅ ቢያነሳ ፕሮግራሙ ምን ይጎድለዋል?

ግን አንድ ነገር በግልጽ ልንገርህ። ክርክሩ ካልተሳካና አቅሙ ካለህ፣ ዘንድሮ ክፈል። ገዋን ባትለብስ ምንም አይቀርባትም፣ ጓደኞቿ ተሰልፈው ሲነሱ ከዳር ቆማ ማየት ግን ከባድ ነው፣ ያንተ ትክክል መሆን ለእሷ አይገባትም። ነገሩን መስከረም ላይ አንሳው፣ የምዝገባ ሰሞን። ያኔ ትምህርት ቤቱም ጆሮው ሰፊ ነው።

«እናቴ "ስንተኛ ወጣች?" ማለት አልተወችም»

*ሰላም እትዬ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። እናቴ ጎንደር ናት፣ በደወልኩ ቁጥር «ልጅቷ ስንተኛ ወጣች?» ነው። እዚህ ለሕፃናት ደረጃ አይሰጥም። «አይነገረንም እማ» ስላት «ሰነፍ ሆናብሽ ነው የምትደብቂኝ» ብላ ተቀየመችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? — እናት፣ ከአሜሪካ*

አይ እማማ! እውነታቸውን እኮ ነው። እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ደረጃ የማይነገርለት ልጅ ሊነገርለት የማይችል ልጅ ነው።

እዚያ ያለውን አሠራር አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ግን ለእሳቸው ማስረዳት እንዲመችሽ ላስቀምጥልሽ። አሜሪካ ውስጥ የተማሪ መዝገብ የግል ነው፣ ከ1974 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው። የሌላውን ልጅ ማርክ አንቺ አታዪም፣ ያንቺንም ሌላው አያይም። በአንደኛ ደረጃ የሚመጣው ካርድ በአብዛኛው የሚለው ልጅቷ በክፍሏ ሊታወቅ ከሚገባው አንጻር የት እንደደረሰች ነው፣ ከነማን በላይ እንደሆነች አይደለም። ተማሪን በተራ ቁጥር መደርደር ያለው ትልልቆቹ ጋ ነው፣ ሃይስኩል፣ እሱም በሁሉም ቦታ አይደለም።

ይህንን ግን በስልክ ለእናትሽ አትተንትኚ። እሳቸው የሚፈልጉት ቡና ላይ ለጎረቤት የሚያወሩት ነገር ነው። ስጫቸው! «ዘንድሮ ወፍራም መጽሐፍ ብቻዋን ጨረሰች፣ ማባዛቱን በቃሏ ያዘች፣ የወሩ ተማሪ ተብላ ወረቀት ተሰጣት።» ያቺ የወሩ ተማሪ የምትባል ወረቀት እናንተ ጋ ብዙ ልጆች እጅ ትደርስ ይሆናል፣ ጎንደር ስትደርስ ግን ወርቅ ናት። በኋትሳፕ ፎቶዋን ላኪላቸው።

ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ስልኩን ለልጅቷ መስጠት ነው። አማርኛ ፊደል ከጀመረች፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ኮሚዩኒቲ በሚሰጠው የቅዳሜና እሁድ ትምህርትም ይሁን ከአንቺ፣ በየሳምንቱ አንድ መስመር ለአያቷ ታንብብ። ሀ ሁ ሂ ሃ። ስትሳሳት እማማ ያርሙ፣ ስታስተካክል ይመርቁ። እማማ ፈታኝ ከሆኑ ካርዱን የሚሞሉትም እሳቸው ናቸው። ደረጃ ካማራቸውም ይስጡ፣ ከአንድ ተማሪ 1ኛ።

«ውጤቱን ቴሌግራም ላይ ለጠፉት»

*ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት የክፍሉን ልጆች ሁሉ ውጤት ከነስማቸውና ከነደረጃቸው በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ለቀቀው። የኔ ልጅ ከመጨረሻ ሦስተኛ ነው። ጎረቤት አይቶት ልጁን ጠየቀው። በጣም ነው የተናደድኩት። — እናት፣ ከደሴ*

ብትናደጂ አይፈረድብሽም። ድሮም ውጤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፣ ያ ግን ሳምንት ቆይቶ ዝናብ ያጥበዋል ወይም ፍየል ይበላዋል። ቻናል ላይ የወጣ ስም ፎርዋርድ እየተደረገ ይኖራል።

ዛሬውኑ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሂጂና እንዲያነሱት ጠይቂ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ «ለየወላጁ ለየብቻ ላኩልን» ብለሽ። አገራችን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። የብዙ ትምህርት ቤት ኃላፊ አልሰማም ይሆናል፣ ቁጥሩን ስትጠሪለት ይሰማል። (1ኛ የወጣ ልጃቸውን ካርድ ከነሙሉ ስሙ፣ ከነትምህርት ቤቱ፣ ከነፎቶው ፌስቡክ ላይ የሚለጥፉ ወላጆችም ይቺን አንብቧት። ደስታችሁ ገብቶኛል። ስሙን ሸፍኑት፣ ልጁንም ጠይቁት።)

ልጁን በተመለከተ ግን ቁጣሽ ሲበርድ አንድ ነገር አድርጊ። ዓይኑን አስመርምሪው፣ ጆሮውንም። ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ «አይታየኝም» አይልም፣ ሌላው ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ነው የሚመስለው። ከጓደኛው ደብተር ነው የሚገለብጠው? ቲቪው አፍ ሥር ነው የሚቀመጠው? ሁሉም ደህና ከሆነ ከላይ ለሐዋሳዋ እናት ወደጻፍኩት ተመለሺ፣ ምን ምኑ እንዳልገባው ከመምህሩ ጋር ለይታችሁ ክረምቱን ተጠቀሙበት።

«ማይክ ስይዝ ድምፄ ይጠፋል»

*እትዬ፣ እኔ 5ኛ ክፍል ነኝ። ለወላጆች በዓል ግጥም እንዳነብ ተመረጥኩ። ደስ ብሎኛል ግን ሰው ሲያየኝ ድምፄ ይጠፋል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ? — ተማሪ፣ ከባሕር ዳር*

የኔ ቆንጆ፣ እንኳን ደስ አለሽ! እጅ የማይንቀጠቀጥበት ሰው የለም፣ ዜና አንባቢዎቹም መጀመሪያ ቀን እንዲሁ ናቸው። ግን ዘዴ አለው።

ግጥሙን በትልልቁ ጻፊው፣ በየስንኙ መሀል ቦታ ተዪ። ወረቀቱን ብቻውን አትያዢ፣ ይርገበገባል፣ ከኋላው ደብተር ወይም ካርቶን አድርጊበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች በቃልሽ ያዢ። ፍርሃት የሚበረታው እዚያ ላይ ነው፣ ሁለቱ ካለፉ ሌላው ይፈስሳል።

ቤት ውስጥ ለታናናሾችሽ አንብቢላቸው፣ ባይሰሙሽም አንብቢ። ከዚያ እናትሽ ወጥ ቤት ሆና ሽንኩርት ስትከትፍ አንቺ ሳሎን ሆነሽ አንብቢላትና ምን እንዳልሽ ጠይቂያት። እየሠራች ከሰማችሽ ሜዳው ላይ ያለውም ሰው ይሰማሻል። አለበለዚያ ቀስ በዪ እንጂ አትጩሂ፣ ብዙ ልጅ የማይሰማው ድምፁ ስላነሰ ሳይሆን ስለሚሮጥ ነው።

ከበዓሉ አንድ ቀን በፊት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆችን ጠይቂያቸውና ማይኩን ሞክሪው። አፍሽ ላይ አትለጥፊው፣ ይጮኻል። አገጭሽ አካባቢ፣ አንድ ስንዝር ይራቅ። መድረክ ላይ ስትወጪ ወዲያው አትጀምሪ፣ ቁሚ፣ አንዴ ተንፍሺ፣ ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ዛፍ ወይም አጥር እዪ። ብትሳሳቺ ማንም አያውቅም፣ ወረቀቱ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው፣ ቀጥዪ።

ደግሞ ግጥሙን የጻፍሽው ራስሽ ከሆንሽ ከማንበብሽ በፊት «ግጥሙ የኔ ነው» ብለሽ ስምሽን ተናገሪ። ብዙ ልጆች ይረሱታል።